«የዓመቱ ምርጥ» የሚባለው ማን ነው? የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ዓመታዊ ሽልማቶች እንደ ዳኝነት ሥርዓት (2004–2024)

መነሻ

በ2012 የፓኪስታኑ ኳስ ወርዋሪ የሰዒድ አጅማል ስም ከዓመቱ ምርጥ የቴስት ክሪኬት ተጫዋች የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይገኝ ቀረ። ለሽልማቱ በተቆጠረው የአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አጅማል በ12 የቴስት ግጥሚያዎች 72 ዊኬት አግኝቶ ነበር፤ ማለትም 72 ጊዜ አንድን መቺ ከጨዋታ ውጪ አድርጓል። ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ የተገኙት ፓኪስታን በወቅቱ የቴስት ደረጃ ሰንጠረዥ ቁንጮ የነበረችውን እንግሊዝን በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሜዳዎች ላይ 3 ለ 0 በረታችባቸው ሦስት ግጥሚያዎች ነው። የፓኪስታን ክሪኬት ቦርድ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ግን ዝርዝሩን አልለወጠም። በዕጩነት የቀሩት የደቡብ አፍሪካዎቹ ሃሺም አምላ እና ቬርነን ፊላንደር፣ አውስትራሊያዊው ማይክል ክላርክ እና የስሪላንካው ኩማር ሳንጋካራ ሲሆኑ፣ ሽልማቱን ሳንጋካራ ወሰደ።

የዚህ አጭር ጥናት ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ክስተት ነው። ሆኖም አጅማል ተበድሏል ወይስ አልተበደለም የሚለውን መወሰን ዓላማው አይደለም። 72 ዊኬት የሚያክል ግልጽ ቁጥር የያዘ ሰው ከአራቱ አንዱ እንዳይሆን ያደረገው ሥርዓት ምንድን ነው? ሽልማቱ «ምርጥ» ሲል የሚለካው ምኑን ነው? ይህን ለመመርመር ከ2004 እስከ 2024 ያሉትን የዋናው ሽልማት ተቀባዮች ዝርዝር ቆጥሬ፣ ከየዓይነቱ ንኡሳን ሽልማቶች ጋር አስተያይቻለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ክሪኬትን ለማያውቅ አንባቢ

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የጨዋታው ዕውቀት ጥቂት ነው። እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፣ ይወረውራሉ። መቺው ነጥብ ያጠራቅማል፤ ወርዋሪው መቺውን ለማስወጣት ይጥራል። ሁለቱንም በብቃት የሚሠራ ሁለገብ ይባላል። ዓለም አቀፉ ጨዋታ ሦስት ዓይነት ነው። ቴስት እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። የአንድ ቀን ግጥሚያ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር፣ ማለትም 300 ኳስ ይሰጣል። ቲ ሃያ የሚባለው ደግሞ 20 ኦቨር ብቻ ነውና በአንድ ምሽት ያልቃል።

ከዚህ በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር የነጥቡ ዋጋ ቋሚ አለመሆኑ ነው። በደረቀና በተስተካከለ ሜዳ ላይ የተገኘ መቶ ነጥብ፣ ኳሷ በምትጠመዝዝበት ሜዳ ላይ ከተገኘ አርባ ነጥብ ሊያንስ ይችላል። ይህንን የምናገረው ለእኛ አገር አንባቢ ልዩነቱ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት ደፋር በ2007 በዓለም አትሌቲክስ የዓመቱ ምርጥ አትሌት ሲባሉ፣ መራጮቹ ቢያንስ በእጃቸው ሰዓት ነበራቸው። ሰዓት በአዲስ አበባም በሄልሲንኪም አንድ ነው። የክሪኬት መራጭ እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ የለውም። ስለዚህ ሽልማቱ ልኬት ሳይሆን ዳኝነት ነው፤ መመርመር ያለበትም እንደ ማንኛውም ዳኝነት፣ ማን ፈረደ፣ በምን ጊዜ ወሰን፣ በየትኛው ችሎት እየተባለ ነው።

የሽልማቱ አመሠራረት

የክሪኬት ዓመታዊ ክብር ከምክር ቤቱ በፊት የቆየ ታሪክ አለው። ከ1864 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚታተመው የዊዝደን ዓመታዊ መጽሐፍ በ1889 ስድስት ታላላቅ ወርዋሪዎችን መርጦ ካወጣ ወዲህ «የዓመቱ ክሪኬተኞች» ምርጫው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የዊዝደን ምርጫ ሁለት ጠባያት አሉት። በዋናነት የሚመለከተው በእንግሊዝ የበጋ ወራት የታየውን ጨዋታ ነው፤ አንድ ተጫዋችም ከጥቂት ጥንታዊ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክብሩን በሕይወቱ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የዊዝደን ዝርዝር «በዚህ ዓመት ከሁሉ የበለጠው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ወደ ክብር መዝገብ የገቡትን ሰዎች በየዓመቱ የሚያስመዘግብ መዝገብ ነው ማለት ይቀላል። መጽሐፉ ራሱ ይህን ጉድለት የተረዳው ይመስላል፤ በ2004 እትሙ «የዓለም ቀዳሚ ክሪኬተኛ» የሚል የተለየ ምርጫ ጀመረና የመጀመሪያው አውስትራሊያዊው ሪኪ ፖንቲንግ ሆነ።

ምክር ቤቱ የራሱን ሽልማት የጀመረው በዚያው በ2004 ነው። ለዋናው ሽልማት ስያሜ እንዲመርጡ ሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች ተጠየቁ፤ እነርሱም አውስትራሊያዊው ሪቺ ቤኖ፣ ሕንዳዊው ሱኒል ጋቫስካር እና ጃማይካዊው ማይክል ሆልዲንግ ነበሩ። የመረጡት የባርቤዶሱን ሰር ጋርፊልድ ሶበርስን ነው። ሶበርስ በ93 ቴስቶች 8032 ነጥብና 235 ዊኬት ያስመዘገበ፣ ፈጣን ኳስም ጠምዛዛ ኳስም የሚወረውር፣ በ1958 ፓኪስታን ላይ ሳይወጣ ያስቆጠረው 365 ነጥብ ለ36 ዓመታት ያህል ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየ ሁለገብ ነው። ስያሜው የሚናገረው ነገር አለ። የሽልማቱ ስም የተሰጠው ሁሉንም ለሚችል ሰው ነው፤ ዝርዝሩ ግን፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ይህን ምሳሌ ብዙም አልተከተለም።

አሠራሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ደረጃ ነበረው። ጥቂት የቀድሞ ታላላቅ ተጫዋቾች የሚገኙበት ቡድን ዕጩዎችን ይለያል፤ ቀጥሎም የቀድሞ ተጫዋቾችን፣ የጨዋታ ዳኞችንና ጋዜጠኞችን ያቀፈ ሰፋ ያለ የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ይሰጣል። የአጅማል ጉዳይ የተከሰተው በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች መካከል ነው፤ ስሙ በሰፊው ዝርዝር ውስጥ ነበረ፣ ከድምፅ በኋላ በወጣው አጭር ዝርዝር ውስጥ ግን አልነበረም። ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የተጨመረው «የወሩ ምርጥ» ሽልማት የሕዝቡን ድምፅ 10 በመቶ፣ የባለሙያዎቹን 90 በመቶ አድርጎ አስልቷል። የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎችም ሕንዳዊው ሪሻብ ፓንት እና ደቡብ አፍሪካዊቷ ሻብኒም ኢስማኤል ነበሩ። ወርኃዊው ሽልማት ለዚህ ጽሑፍ ብዙ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ በዚሁ አልፈዋለሁ።

ዝርዝሩ ሲቆጠር

ከ2004 እስከ 2024 ዋናው የወንዶች ሽልማት 20 ጊዜ ተሰጥቷል። በ2020 በዓመታዊው ፈንታ የአሥር ዓመቱ ምርጦች ተመርጠዋል፤ በ2005 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ዣክ ካሊስና እንግሊዛዊው አንድሩ ፍሊንቶፍ እኩል ወጥተው ስለተካፈሉት፣ የተቀባዮቹ ቁጥር 21 ይሆናል። አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ሲያገኝ ሁለት ብለን እየቆጠርን ነው።

በተጫዋች ዓይነት ሲከፈል መቺዎች 12፣ ወርዋሪዎች 6፣ ሁለገቦች 3 ናቸው። አከፋፈሉ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል፤ የ2016ቱን ሕንዳዊ ራቪቻንድራን አሽዊንን እኔ ከወርዋሪዎች መድቤዋለሁ፣ ነገር ግን ዱላውንም ያውቅበታል። ይሁን እንጂ አጠቃላዩ ምስል አይለወጥም። የሚገርመው ግን ድምሩ ሳይሆን በጊዜ ያለው ክፍፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሽልማቶች (2004–2013) ከ11 ተቀባዮች መካከል ወርዋሪው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የ2009ኙ አውስትራሊያዊ ሚቸል ጆንሰን ነው። በቀጣዮቹ አሥር ሽልማቶች (2014–2024) ግን ከአሥሩ አምስቱ ወርዋሪዎች ሆኑ፦ እንደገና ጆንሰን በ2014፣ አሽዊን በ2016፣ የፓኪስታኑ ሻሂን ሻህ አፍሪዲ በ2021፣ አውስትራሊያዊው ፓት ከሚንስ በ2023፣ ሕንዳዊው ጃስፕሪት ቡምራህ በ2024።

አጅማል የተዘለለው እንግዲህ መራጮቹ ወርዋሪን በዋናው ሽልማት ደረጃ እምብዛም ማየት ባልለመዱበት የመጀመሪያው አሥርት ውስጥ ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ አራቱ የ2012 ዕጩዎች ውስጥ ፊላንደር ወርዋሪ ነበርና። ሆኖም ሊጤን የሚገባ አጋጣሚ ነው። የነጥብ ብዛት በቀላሉ ይታወሳል፤ መቶ ሲሞላ ተመልካቹ ይነሣል፣ መቺውም ዱላውን ያነሣል። የወርዋሪ ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ በሌላው ወርዋሪ ዊኬት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ አንዱ ያስጨንቃል፣ ሌላው ያስወጣል። ዊኬቱ የሚመዘገበው ለሁለተኛው ነው።

በአገር ሲከፈል አውስትራሊያ 7፣ ሕንድ 6፣ እንግሊዝ 3፣ ፓኪስታን 2፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዌስት ኢንዲስና ስሪላንካ አንዳንድ አግኝተዋል። ከ21ዱ 16ቱ የሦስት አገሮች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሎቹ የበለጠ ቴስት የሚጫወቱ፣ ከ2014 ጀምሮም በምክር ቤቱ የገቢ ክፍፍልና ሥልጣን ላይ የበላይነታቸውን በይፋ ያስጻፉ አገሮች ናቸው። እዚህ ላይ ችኩል ድምዳሜ መወሰድ የለበትም። ብዙ የሚጫወት ብዙ ዕድል አለው፤ መራጩም ያየውን ነው የሚመርጠው። ነገር ግን ኒው ዚላንድ በጁን 2021 ሕንድን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሸንፋ የመጀመሪያው የዓለም ቴስት ሻምፒዮና ባለቤት ስትሆን፣ ከወንዶች ተጫዋቾቿ አንዱም እስከ 2024 ድረስ የሶበርስን ዋንጫ አልነካም። በዓመት ጥቂት ቴስት ብቻ የሚመደብለት ቡድን፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም፣ ለግለሰቡ የሚያከማችለት ቁጥር አይኖረውም።

ቀጣዩ ቆጠራ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የዋናው ሽልማት አሸናፊ በዚያው ዓመት የቴስት ወይም የአንድ ቀን ግጥሚያ ምርጥ ተብሎ ተመርጧልን? ከ20ዎቹ ሽልማቶች በ12ቱ አዎ፣ በ8ቱ አይደለም። «አይደለም» የሆነባቸው ዓመታት ከ2007 እስከ 2011 ያሉት አምስት ተከታታይ ዓመታት፣ እንዲሁም 2019፣ 2021 እና 2023 ናቸው። ለምሳሌ በ2011 የዓመቱ ምርጥ እንግሊዛዊው ጆናታን ትሮት ሲሆን፣ የቴስቱ ምርጥ የአገሩ ልጅ አላስተር ኩክ፣ የአንድ ቀኑ ደግሞ ሳንጋካራ ነበሩ። በ2023 ከሚንስ የዓመቱ ምርጥ ሲባል የቴስቱን ኡስማን ካዋጃ፣ የአንድ ቀኑን ቪራት ኮህሊ ወስደዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ዋናው ሽልማት የንኡሳኑ ድምር አይደለም። በሁለት ሚዛን ሁለተኛ የሆነ ሰው በጠቅላላው አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሒሳብ ረገድ ነውር የለበትም። ነገር ግን በ2019ና በ2023 የሆነው ከዚህ ይለያል። በ2019 ቤን ስቶክስ የተመረጠው በሁለት ቀናት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፦ ጁላይ 14 በሎርድስ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሳይወጣ ባስቆጠረው 84 ነጥብ፣ እና በኦገስት በሄዲንግሊ አውስትራሊያን ባሸነፈበት ሳይወጣ ባስቆጠረው 135 ነጥብ። ከሚንስም ቢሆን በአንድ ዓመት የዓለም ቴስት ሻምፒዮናንና የዓለም ዋንጫን ያነሣ አምበል ነበር። መራጮቹ እዚህ ላይ የሸለሙት የዓመቱን ጠቅላላ ክምችት ሳይሆን የዓመቱን ወሳኝ ሰዓት ነው። ይህ ተገቢ መስፈርት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ በጽሑፍ የሰፈረ መስፈርት አለመሆኑ ነው። ኮህሊ በ2018 ሦስቱንም፣ ማለትም ዋናውን፣ የቴስቱንና የአንድ ቀኑን ሽልማት ጠቅልሎ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን የተመዘነው በክምችት ነበር፦ በ13 ቴስት 1322፣ በ14 የአንድ ቀን ግጥሚያ 1202 ነጥብ። ሁለቱ ሚዛኖች በአንድ ዋንጫ ስም እየተፈራረቁ ይሠራሉ።

ሁለተኛ፣ ከ12ቱ «አዎ» ዓመታት በዘጠኙ ዋናው አሸናፊ የቴስቱ ምርጥ ብቻ ነው፤ የአንድ ቀኑ ምርጥ ብቻ የሆነው በሁለት ዓመት (2017 እና 2022)፣ ሁለቱንም የሆነው በ2018 ብቻ ነው። ምክር ቤቱ ሦስቱ የጨዋታ ዓይነቶች እኩል ናቸው ቢልም፣ የመራጮቹ ልብ ከአምስት ቀኑ ጨዋታ ጋር እንደሆነ ዝርዝሩ ይመሰክራል።

ዓመት ስንት ወር ነው?

«የዓመቱ ምርጥ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ማንም የማይጠረጥረው ቃል «ዓመቱ» ነው። ነገር ግን የሽልማቱ ዓመት ለረጅም ጊዜ ከኦገስት ወይም ከሴፕቴምበር አካባቢ ተነሥቶ በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት የሚያበቃ ነበር። የ2012ቱ ከኦገስት 4 ቀን 2011 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2012 ያለውን ይሸፍናል። በኋላ ወደ መደበኛው የዘመን አቆጣጠር ለመመለስ ሲወሰን፣ የ2017ቱ ሽልማት ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2016 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2017 ያለውን ከ15 ወራት በላይ እንደ አንድ ዓመት ቆጠረ። በዚህ ረጅም ዓመት ኮህሊ በቴስት 2203፣ በአንድ ቀን ግጥሚያ 1818 ነጥብ አስመዘገበ። ኮህሊ በ12 ወር ቢመዘን አያሸንፍም ነበር ማለቴ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ የጊዜው ወሰን ሲሰፋ ብዙ የሚጫወቱት ይበልጥ እንደሚጠቀሙ፣ ወሰኑ የሚያርፍበት ወርም የየትኛው አገር የጨዋታ ወቅት ለሁለት እንደሚሰነጠቅ የሚወስን መሆኑን ነው። የአውስትራሊያ በጋ በዲሴምበር መጨረሻ እኩል ላይ ነው፤ የእንግሊዝ በጋ ግን ያን ጊዜ ካለቀ ቆይቷል።

በአጭሩ ጨዋታና በሴቶች ሽልማት መካከል ያለው ያልተጠበቀ ግንኙነት

የቲ ሃያ ሽልማት ታሪክ ለጥያቄያችን ሌላ ብርሃን ይሰጣል። በወንዶች በኩል ከ2008 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተሸለመው «የዓመቱ የቲ ሃያ ተጫዋች» ሳይሆን «የዓመቱ የቲ ሃያ ብቃት» ነበር፤ አንድ ግጥሚያ፣ አንድ ምሽት። የመጀመሪያው ተሸላሚ ሕንዳዊው ዩቭራጅ ሲንግ በሴፕቴምበር 2007 ደርባን ላይ በአንድ ኦቨር ስድስቱንም ኳሶች ከሜዳው ወሰን አሻግሮ በ16 ኳስ 58 ነጥብ ያስቆጠረበት ምሽት ነው። በ2016 ደግሞ ዌስት ኢንዲያዊው ካርሎስ ብራትዌት በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ባስቆጠረው 34 ነጥብ ተሸለመ። ከኋላው ያለው ሐሳብ ግልጽ ይመስለኛል፦ በ120 ኳስ ጨዋታ የአንድ ዓመት ብቃት አይመዘንም፣ የሚመዘነው ብልጭታው ብቻ ነው። የወንዶቹ ሽልማት ለተጫዋቹ የሆነው በ2021 ሲሆን፣ ያን ዓመት የፓኪስታኑ ሞሐመድ ሪዝዋን በ29 ግጥሚያ 1326 ነጥብ አስመዝግቦ ወሰደው።

አስደናቂው ነገር ሴቶቹ ይህን ሽልማት ከ2012 ጀምሮ ያገኙ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያዋ «የዓመቱ የቲ ሃያ ክሪኬተኛ» እንግሊዛዊቷ ሣራ ቴይለር ነበረች። ስለዚህ በወንዶች ዘንድ ለዓመት ዳኝነት አይበቃም የተባለው ጨዋታ፣ በሴቶች ዘንድ በቅቶ ተገኘ። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ጨዋታው መርሐ ግብር መመልከት ይበቃል፤ የሴቶቹ ዓመት በአብዛኛው በአጭሩ ጨዋታ የተሞላ ነው፣ ቴስት ለእነርሱ ብርቅ ነው። እስከ 2024 ድረስም የዓመቱ የሴቶች ቴስት ተጫዋች የሚባል ሽልማት የለም። ተመራማሪ ይህን ሲያይ ሊጠይቅ የሚገባው ሽልማቱ ለምን ጎደለ ሳይሆን ግጥሚያው ለምን ጎደለ ነው። ሽልማት የሌለን ነገር አይፈጥርም፤ የሌለውን ነገር ግን በጉልህ ያሳያል።

የሴቶቹ ዋና ሽልማት ራሱ ተቋርጦ የተቀጠለ ነው። በ2006 ለአውስትራሊያዊቷ ካረን ሮልተን ተሰጥቶ ተጀመረ፤ ሕንዳዊቷ ጁላን ጎስዋሚና እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ኤድዋርድስ ተከተሏት። ከ2012 እስከ 2016 ግን በሁለቱ የጨዋታ ዓይነቶች ብቻ ተከፍሎ አጠቃላዩ ቀረ። በ2017 ሲመለስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ባረፈችው በራሔል ሄይሆ ፍሊንት ስም ተሰየመ። ሄይሆ ፍሊንት የእንግሊዝ አምበል ሆና ከማገልገሏም በላይ፣ ወንዶቹ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫቸውን በ1975 ከማድረጋቸው ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1973 የተካሄደውን የሴቶች የዓለም ዋንጫ በመመሥረት ቀዳሚውን ሚና የተጫወተች ናት። ከ2017 ወዲህ እስከ 2024 ሰባት ጊዜ ተሰጥቶ በአራት እጆች ብቻ ገብቷል፦ ኤሊስ ፔሪ፣ ስምሪቲ ማንዳና እና ናት ሲቨር ብራንት ሁለት ሁለት ጊዜ፣ የኒው ዚላንዷ አሚሊያ ከር አንድ ጊዜ። የወንዶቹ ተሸላሚ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ያጣናት ኒው ዚላንድ እዚህ ተገኘች።

አንድ የጎንዮሽ ማስታወሻ ስለ «ክሪኬት መንፈስ» ሽልማት። ይህ ሽልማት እስከ 2010 ለቡድን ይሰጥ ነበር። በ2011 ለመጀመሪያ ጊዜ ለግለሰብ ተሰጠ፤ ለሕንዱ አምበል ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ። ምክንያቱም ኖቲንግሃም ላይ እንግሊዛዊው ኢያን ቤል ኳሷ ወሰን ያለፈች መስሎት ወደ ሻይ ዕረፍት ሲያመራ በደንቡ መሠረት ከጨዋታ ውጪ ሆኖ ሳለ፣ ዶኒና ቡድኑ በዕረፍቱ ጊዜ አቤቱታቸውን አንሥተው እንዲመለስ መፍቀዳቸው ነው። ቤል በ137 ወጥቶ የነበረው እስከ 159 ደረሰ። ከሁሉም ሽልማቶች መካከል በጣም ሐቀኛው ይህ ይመስለኛል፤ ምንም እለካለሁ አይልምና።

ተባባሪ አባላትና ለብቻቸው የተሰጣቸው ክፍል

ከ2007 ጀምሮ ምክር ቤቱ ሙሉ አባል ያልሆኑ አገሮች ተጫዋቾችን በተለየ ሽልማት ያከብራል። የመጀመሪያው ተሸላሚ የጎረቤታችን የኬንያ ተወላጅ ቶማስ ኦዶዮ ነው። ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰች አገር ብትሆንም የቴስት ፈቃድ አልነበራትም። ስለዚህ ኦዶዮ በዓለም የመጨረሻው ከፍተኛ የክሪኬት ችሎት ፊት የመቅረብ ዕድል ሳይኖረው በለየለት ክፍል ተዳኘ። ከእርሱ በኋላ የኔዘርላንድሱ ራያን ተን ዱሻቴ ሦስት ጊዜ (በ2008፣ በ2010 እና በ2011) ያንኑ ሽልማት ወሰደ። አንድ ሰው አንድን ክፍል ሦስት ጊዜ አሸንፎ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ሳይሻገር ከቀረ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው በር የተዘጋው በችሎታ ማነስ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በሩ በአንድ ወገን ሲከፈት የሆነውን አፍጋኒስታናዊው ራሺድ ካን ያሳያል። ራሺድ የ2017ቱን የተባባሪ አባላት ሽልማት ወሰደ፤ አገሩ ግን በጁን 2017 ከአየርላንድ ጋር ሙሉ አባል ሆና ስለነበር፣ ሽልማቱ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ሲታወቅ አፍጋኒስታን ከዚያ ክፍል ከወጣች ግማሽ ዓመት አልፏት ነበር። በ2020 የአሥር ዓመቱ ምርጦች ሲመረጡ ይኸው ሰው የአሥርቱ ምርጥ የቲ ሃያ ተጫዋች ተባለ። የተቆጠረውም በከፊል ተባባሪ በነበረበት ጊዜ ያገኘው ዊኬት ነው። ኳሷ አልተለወጠችም፣ እጁም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአገሩ የአባልነት ደብተር ነው። በ2024 ደግሞ ሌላው አፍጋኒስታናዊ አዝማቱላህ ዑመርዛይ የዓመቱ የአንድ ቀን ግጥሚያ ምርጥ ሆነ።

ምክር ቤቱ ከጁላይ 2018 ለሴቶች፣ ከጃንዋሪ 2019 ለወንዶች የአባላት ሁሉ የቲ ሃያ ግጥሚያ ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲኖረው ወስኗል። ከዚያ በኋላ በናይሮቢ የተገኘ ነጥብና በሜልበርን የተገኘ ነጥብ በአንድ መዝገብ ይሰፍራሉ። የተባባሪ አባላት ሴቶች ሽልማት ግን ለብቻው ቀጥሏል፤ በ2021 ኦስትሪያዊቷ አንድሪያ ሜይ ዜፔዳ፣ በ2022 እና በ2024 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትሷ ኢሻ ኦዛ፣ በ2023 ኬንያዊቷ ኩዊንቶር አቤል ተሸልመዋል። ክፍሉ ባይኖር ኖሮ የእነዚህ ተጫዋቾች ስም በዓለም ፊት ባልተጠራ ነበር። ክፍሉ በመኖሩ ደግሞ መራጩ ኩዊንቶር አቤልን ከናት ሲቨር ብራንት ጋር በአንድ ሚዛን የማስቀመጥ ግዴታ አይኖርበትም። የምሥራቅ አፍሪካ የስፖርት ታሪክ ተማሪዎች ከኦዶዮ እስከ አቤል ያሉትን 16 ዓመታት የኬንያን የግጥሚያ መዝገብ ይዘው ቢመረምሩ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን በቁጥር ሊናገሩ ይችላሉ።